የእትዬ ዘርፌ ቲማቲም

የእትዬ ዘርፌን ሞት የሰማሁት ተቀብረው ካበቁ በኋላ ነው። ሎንግ ቢች እሳቸው የነበሩበት ሕንጻ ላይ የምትኖር አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። «ስምህን ሲያነሱ እሰማ ነበር፤ ስልክህን የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት ግን ትናንት ነው፤ በጣም ይቅርታ» አለች። «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። እሷ ዘመዳቸው አይደለችም፤ እኔም አይደለሁም። ሌላ ዘመድ ደግሞ በዚህ አገር አልነበራቸውም። ሁለት ባዕዶች እንዲህ እየተጽናናን ትንሽ ቆየንና ስልኩን ዘጋን።

ያን ቀን ታክሲዬን አላወጣሁም። ቁጭ ብዬ እጃቸውን ሳስብ ዋልኩ። አጭር፣ ሰፋ ያለ፣ ሁልጊዜ ሙቅ እጅ ነበራቸው። ሰው ሰላም ሲሉ ጨብጠው አይለቁም፤ ጣታቸው ሳያስቡት ወደ አንጓው ሄዶ የደም ሥሩን ይዳስሳል። እያወሩህ የዓይንህን ቆብ ሳብ አድርገው «ደም የለህም፤ ምን እየበላህ ነው?» ይሉሃል። አገር ቤት ብዙ ዘመን ድሬሰር ነበሩ፤ ደብረ ብርሃን አጠገብ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪም በሌለበት ሐኪም ሆነው የኖሩ። ሎስ አንጀለስ መጥተው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ሽማግሌ ያጥባሉ። በዚህ ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። «ሰው ሰው ነው፤ ጀርባው ሲታጠብ ሁሉም ያው ነው» ይሉ ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያኔ የእኛ ሰው ሱቅ በጣት የሚቆጠር ነበር። እሳቸውና ባላቸው ጋሼ ታዬ ከፌርፋክስ ገባ ብላ ባለች አጭር መንገድ ላይ አንዲት አሮጌ ቤት ተከራይተው ነበር፤ እኔ ደግሞ ጓሮ ያለውን ጋራዥ። መኪና ገብቶበት አያውቅም፤ አልጋ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና እኔ ነበርን። በቤቱና በጋራዡ መሀል ያለችው ግቢ የሦስታችን ሳሎን ነበረች።

ጋሼ ታዬ ጎማ ቤት ይሠሩ ነበር። ግዙፍ ሰው፣ ሳቃቸው ጎረቤት የሚጠራ። ሲበሉ ማየት ራሱ ያጠግብ ነበር። እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ፣ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር አይተው «ተመስገን፣ ዛሬም ተርፈናል» ይላሉ። አንገታቸው ሥር ያለውን እብጠት ያገኙት ራሳቸው እትዬ ዘርፌ ናቸው። አንድ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የባላቸውን ኮሌታ ሊያቃኑ እጃቸውን ሰደዱና እጃቸው እዚያው ቀረ። ግቢ ቆሜ መኪና እያሞቅሁ አያቸው ነበር። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ኮሌታውን አቃኑ፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ፣ ሄድን፤ አስቀደስን። ስንመለስ ብቻ እትዬ ዘርፌ «ደረጀ፣ ነገ ሆስፒታል ድራይቭ ታደርገናለህ» አሉኝ።

ካንሰር ነበር። ኬሞ ተጀመረ። በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት ዕጢውን ከመምታቱ በፊት ጋሼ ታዬን መታቸው። ለቀናት ያስመልሳሉ። የሽንኩርት ሽታ ብቻ ይበቃል። እትዬ ዘርፌ ሽታው ቤት እንዳይገባ እኔ ጋራዥ ውስጥ መቀቀል ጀመሩ፤ ሽሮ፣ ሾርባ፣ ሩዝ፣ ሕጻን የሚበላውን ሁሉ ሞከሩ። ሳህኑ ይዘውት እንደ ሄዱ ይመለሳል። የሰውዬው ሱሪ በገመድ መታሰር ሲጀምር እትዬ ዘርፌ የሚያውቁት ሁሉ አለቀባቸው። «የታመመ ሰው ስታዩ ‹ምን ሆነ› አትበሉ፤ እሱን እግዜር ያውቃል። ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ምን ወጣው በሉ» ይሉ የነበሩት ሴት፣ ለሦስቱም ጥያቄ መልሱ በእጃቸው እያለ የሚያደርጉት አጡ።

ዶሎሬስ የምትባል ነርስ አብራቸው ትሠራ ነበር፤ ጥቁር አሜሪካዊት። እሷ ናት በጆሯቸው የነገረቻቸው። ከሥራ ሲመጡ ጋራዤን አንኳክተው ገቡ።

«ደረጀ፣ ይቺ ዶሎሬስ አንድ ነገር አለችኝ። ኬሞ ለሚወስድ ሰው... ቢያጨሰው ማስመለሱን ያቆማል፤ የምግብ ፍላጎትም ያመጣል ትላለች።»

«ምኑን ቢያጨሰው?»

ከቦርሳቸው በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አውጥተው አሳዩኝ።

«እትዬ! ይኼ ሐሺሽ እኮ ነው!»

«ቀስ በል! ሐሺሽ አትበል። ቅጠል በል።»

ጋሼ ታዬ ሲጋራ እንኳ አጭሰው አያውቁም። ግቢ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ሳሉ፣ ተሳደቡ፣ እንደገና ሳቡ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ዓይናቸውን ገለጡና «ዘርፌ፣ በዚህ ቤት የሚበላ የለም እንዴ?» አሉ። አንድ ሳህን ፍርፍር በሉ። ጣታቸውን ላሱ። እትዬ ዘርፌ ውሃ ላምጣ ብለው ከጋራዡ ኋላ ሄዱ፤ ቢቆዩብኝ ተከተልኳቸው። ፊታቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። ውሃም አልያዙም።

ግን አልዘለቀም። ለዶሎሬስ የሚሰጣት የአክስቷ ልጅ ተያዘ። እኔ ታክሲ ስለምነዳ የት እንደሚሸጥ አውቃለሁ፤ «እኔ አመጣለሁ» አልኳቸው። እትዬ ዘርፌ ተቆጡ።

«የጥገኝነት ማመልከቻህ ገና ታይቶ አላለቀም። ሲይዙህ ለእናትህ ምን ልላት ነው? ባሌን በሰው ልጅ አላድንም!»

ዶሎሬስ ከቅጠሉ ከረጢት ሥር የቀረ ፍሬ ነበራት። እሱን በሶፍት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ከጋራዡ ኋላ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መሀል፣ ፀሐይ የሚያገኝ ጠባብ ቦታ አለ። ከምግብ ቤት የተጣሉ ትልልቅ ባልዲዎች አምጥቼላቸው አፈር ሞሉ። ፍሬው በቀለ። እትዬ ዘርፌ ከሥራ መልስ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ጠዋትም ከመሄዳቸው በፊት። ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። ችግኞቹ እንደ እጅ አምስት፣ ሰባት ጣት ያለው ቅጠል አወጡ። ከዚያ ቅጠላቸው ወደ ታች ተንጠለጠለ። «ጠምቷቸዋል፤ ይኼ ፀሐይ» አሉና ጨመሩ። ባሰባቸው። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። አሁንም ጨመሩ። አንድ ቀን አንዷን ነካ ሲያደርጓት ከነግንዷ እጃቸው ላይ ቀረች፤ ከባልዲው የረግረግ ሽታ ወጣ። ለካ ባልዲውን ከሥሩ አልበሳነውም።

«እንግዲህ ሰው እንጂ ቅጠል አክሜ አላውቅ» አሉ። «ማን ይጠየቃል?»

ጭንቁ እሱ ነበር። የታመመ ልጅ ቢሆን ለሐኪም ይታያል። ይኼን ለማን ያሳዩታል? ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መጠየቅ ያስፈራል፤ ጎረቤት ማማከር ያስፈራል። ቅጠል ይዞ የሄደ ሰው በዚያ ዘመን ራሱን ለፖሊስ አሳልፎ እንደ ሰጠ ነው።

ጋርዴና በምትባል ከተማ የጃፓን ሽማግሌዎች ችግኝ የሚሸጡበት ቦታ እንዳለ ከተሳፋሪ ሰምቼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ወሰድኳቸው። በመንገድ ላይ መሐረባቸውን ፈተው አሳዩኝ። ከሰባት ጣቱ ቅጠል አንዷን ጣት ብቻ በመቀስ ቆርጠው ይዘዋል። «አንዷን ብቻ ካየ አያውቀውም» አሉ። «ቲማቲም ነው እንላለን። አንተ ዝም በል፤ ፊትህ ይናገርብሃል።»

ችግኝ ሻጩ ሽማግሌ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጎንበስ ያሉ ሰው ነበሩ። ቅጠሉን ተቀበሉ። ገለበጡት። በጣታቸው አሸት አደረጉና ጣታቸውን አሸተቱ። እኔ ዓይኔን ወደ ጽጌረዳዎቹ ሰደድኩ። ሽማግሌው ረዘም ላለ ጊዜ እትዬ ዘርፌን አዩአቸው።

«ቶማቶ?» አሉ።

«ቶማቶ» አሉ እትዬ ዘርፌ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው።

«ለሽያጭ?»

«ኖ። ለባሌ። ሲክ ነው። አይበላም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅጠሉን በጥንቃቄ መሐረቡ ላይ መለሱትና «ይኼ ቲማቲም ውሃ በዝቶበታል» አሉ። ከዚያ አንድ የአበባ ሸክላ አንስተው እጃቸው ላይ አኖሩላቸው፤ ቀጥሎ ሌላ። አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። «ከባድ ከሆነ ጠጥቷል፤ አትንኪው። ቀላል ሲሆን ስጪው፤ ከሥሩ እስኪፈስ ስጪና ተዪው።» ጣታቸውን አፈር ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብተው አሳዩ። የጠማውም፣ ውሃ የበዛበትም ቅጠሉ ይንጠለጠላል አሉ፤ ከሩቅ አይለይም። የጠማው ሲነኩት ስስ ነው፣ ወረቀት ነው። ውሃ የበዛበት ግን ወፍራም ነው፣ ያበጠ ነው፣ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች ይጎብጣል።

እትዬ ዘርፌ መኪና ውስጥ መሐረቡን መልሰው አጠፉት። ቤት ልንደርስ ስንል «እብጠትና ድርቀት» አሉ ለራሳቸው። «ይኼንንማ ከሰው ላይ አውቀው ነበር እኮ።»

ባልዲዎቹን በሚስማር በሳን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመጡ መጀመሪያ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ያነሱ ነበር፤ ሕጻን እንደሚመዘን። ቅጠሉን ይዳብሱታል፤ ጣታቸውን ይሰዳሉ፤ አብዛኛውን ቀን ምንም ሳይሰጡ ይመለሳሉ። «ከሁሉ የሚከብደው አለመስጠት ነው» አሉኝ አንዴ። «ክሊኒክም እንዲሁ ነበር። ሰው መርፌ ካልወጉት የታከመ አይመስለውም።»

የተረፉት አገገሙ። በግቢያችን ላይ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ሲዞር እትዬ ዘርፌ አንሶላ ይዘው ይሮጣሉ፤ ገመድ ዘርግተው ስለነበር ደረቅ አንሶላ በልብስ መቆንጠጫ እየሰቀሉ ይጋርዷቸዋል። ጋሼ ታዬ በወንበራቸው ተቀምጠው ይስቃሉ። «ዘርፌ፣ ፖሊሱ እኮ ‹እነዚህ ሰዎች ምን ያህል ቢያቆሽሹ ነው አንሶላቸው ሁልጊዜ የሚታጠብ› ይላል!» ያ ሳቅ ግን ሳል ሆኖ ያልቃል።

የንስሐ አባታቸው ሊጠይቁ መጡ። ጸሎት አድርሰው ሲወጡ እትዬ ዘርፌ ግቢ ላይ አቆሟቸውና ሁሉን ነገሯቸው። ቦታውን ሊያሳዩአቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ቄሱ መስቀላቸውን እንደ ጋሻ ከፍ አደረጉ።

«አያሳዩኝ እትዬ ዘርፌ። ካየሁ እናገራለሁ። ከተናገርኩ አዎ ወይ እምቢ ማለት አለብኝ። ሁለቱንም አልችልም።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ታዬን እወደዋለሁ። ይኼን ብቻ ይወቁልኝ» ብለው ሄዱ።

ቀጥሎ የታችኞቹ ቅጠሎች መገርጣት ጀመሩ፤ ከታች ወደ ላይ እየወጣ። እንደገና ጋርዴና። «ቲማቲሙ ርቦታል» አሉ ሽማግሌው፤ «ከታችኛው ቅጠል እየወሰደ ላይኛውን ይመግባል።» ማዳበሪያ ሰጧቸው፤ ግማሽ ብቻ ይስጡ ብለው። እትዬ ዘርፌ ግን ቤት ሲደርሱ ጋሼ ታዬ ያን ቀን ውሃም አልረጋላቸው ብሎ አገኟቸው። ያን ቀን የሰጡት ማዳበሪያ ግማሽ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ የቅጠሉ ጫፍ ሁሉ በሲጋራ እንደ ተተኮሰ ተቃጠለ፤ ቀሪው ጠቆረ፣ እንደ አሞራ ጥፍር ተጨበጠ። ጋርዴና ወስደን ሽማግሌው ሲያዩት በረጅሙ ተነፈሱ። «ሲቸኩሉ እንዲህ ይሆናል። አሁን ንጹሕ ውሃ ብቻ ደጋግመሽ አሳልፊበት፤ ይታጠብ።»

እትዬ ዘርፌ እዚያው በችግኞቹ መሀል ቆመው በአማርኛ መለሱላቸው። «አባቴ፣ ጊዜ የለኝም እኮ። ሰውዬው እያለቀ ነው።» ልተረጉም አፌን ስከፍት ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ገብቷቸዋል።

የተክሎቹ የመጨረሻ ሕመም ቅጠሉ ሲነጣ፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ነው፤ እንደ ተሳለ ካርታ። ለዚህ ሽማግሌው የነገሯቸው ኤፕሰም ሶልት የሚባል ነገር ነው፤ ማንኛውም ፋርማሲ አለ፤ በውሃ በጥብጠው ትንሽ ይስጡ አሉ። ፋርማሲ ገብተን እትዬ ዘርፌ ካርቶኑን ከፍተው በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና ደረታቸውን መቱ። «የእንግሊዝ ጨው! ደረጀ፣ የእንግሊዝ ጨው እኮ ነው! ሆዱ የደረቀ ሁሉ ስናጠጣው የኖርነው!» በዚያ ዓመት ከልባቸው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ካሸሯ ዞር ብላ አየችን። ለጋሼ ታዬ ሊነግሯቸው ቸኩለው ቀይ መብራት ላይ «ሂድ፣ ሂድ» ሲሉኝ ነበር።

ስንደርስ ጋሼ ታዬ ተኝተው ነበር። ቀና ብለው ሰሙአቸው፤ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ መልሰው ተኙ።

ተክሎቹ አማረባቸው። እንደዚያ ያለ ቅጠል አይቼ አላውቅም፤ የሚያብረቀርቅ፣ የቆመ። አበቡ። እትዬ ዘርፌ ቆርጠው ቁም ሣጥን ውስጥ አደረቁት። ሆስፒታሉ ግን በዚያው ሰሞን ኬሞውን አቁሞ ነበር። ሐኪሙ ካንሰሩ ጉበት ገብቷል አለ፤ ወደ ቤት ውሰዷቸው አለ። እትዬ ዘርፌ ሲናገር አገጩን አገጩን ያዩት ነበር፤ እንደ ድሬሰር ሳይሆን እንደ ታማሚ ሚስት።

የመጀመሪያውን ጠቅልለው አምጥተው ለኮሱላቸው። ጋሼ ታዬ ሳቡ። ጠበቅን። ማስመለስ የለም። እትዬ ዘርፌ ሾርባውን አቀረቡ።

«አልራበኝም» አሉ ጋሼ ታዬ።

«ትንሽ ቆይ፤ ይመጣል።»

ቆየን። ሾርባው ቀዘቀዘ። እትዬ ዘርፌ አሞቁት። ማንኪያውን ወደ ከንፈራቸው አደረሱ። ጋሼ ታዬ ለእሳቸው ሲሉ አንዴ ዋጡ። በማግስቱ ሩዝ አመጡ፤ ከዚያ እርጎ፤ ከዚያ የማር ውሃ በጥጥ። ያበጠ እንደሆነ እግራቸውን ይጫናሉ፣ ምላሳቸውን ያያሉ፣ ሽንታቸውን ያያሉ። «ውሃ አነሰህ መሰለኝ። አይ፣ ጨው ነው። ጨው ጎድሎህ ይሆናል» እያሉ ከአልጋ ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ አልጋ ሲሉ ዋሉ። ጋሼ ታዬ እጃቸውን ያዙአቸው። የዚያ የግዙፍ ሰው እጅ አጥንት ብቻ ነበር።

«ዘርፌ» አሉ። «እኔ እኮ ባልዲ ውስጥ አይደለሁም።»

እትዬ ዘርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳህን ይዤ ነበር። ሳህኑን የት እንደማስቀምጥ አጣሁ።

ጋሼ ታዬ ያረፉት ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እትዬ ዘርፌ ሥራ ቦታ ደውለው አልመጣም ሲሉ በነበሩበት ሰዓት ነው። ስልኩን ይዘው ዞር ሲሉ አልቋል። ግቢው ለቀስተኛ ሞላው። ድንኳን በሌለበት ከቤተ ክርስቲያን ወንበር አመጡልን። አንሶላዎቹ ከጋራዡ ኋላ እንደ ተሰቀሉ ነበሩ፤ ማንም አልጠየቀም።

ሰው ሲበተን እትዬ ዘርፌ «ንቀላቸው» አሉኝ። ነቀልኳቸው። አብረውኝ ቆመው አዩ። የመጨረሻዋን ስነቅል አፈሩን አራግፈው ሥሩን መዳፋቸው ላይ ዘረጉት፤ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ሕጻን ፀጉር። አገላብጠው አዩት። «ይቺ ምንም አልነበረባትም» አሉ። የደረቀውን ለዶሎሬስ ሰጡ፤ መጦሪያው ውስጥ ኬሞ የጀመረች ሴት ነበረች። ደርሶላት እንደ ሆነ አላውቅም።

ቤቱን ለቀው ሎንግ ቢች ገቡ፤ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኙ። በሽተኛ የማይነኩበት ሥራ መርጠው ነው ብዬ አስባለሁ፤ እሳቸው ግን «ሺፍቱ ይሻለኛል» ነው ያሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን እሄድ ነበር። ከዚያ አገባሁ፣ ልጅ መጣ፣ መንገዱ ራቀ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው አንድ ቅዳሜ ነው። ባዶ እጄን እንዳልሄድ ከመንገድ ላይ አንዲት ቀይ አበባ በትንሽ ሸክላ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ደስ አላቸው፤ መስኮቱ ላይ አኖሯት፤ ጉንጬን ሳሙኝ። በረንዳቸው ባዶ ነበር፤ አንዲት ቅጠል የለም። ሻይ ጠጣን። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፤ ምን ትበላለች፣ ትተኛለች ወይ አሉ። የጋሼ ታዬን ስም አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። ልሄድ ስነሳ አበባዋን ከመስኮቱ አንስተው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ውሰድልኝ ደረጀ። አትቀየመኝ።»

«ለእርስዎ እኮ ነው እትዬ።»

«አውቃለሁ። እንዳትሞትብኝ ስጠብቅ ዕረፍት አይኖረኝም።»

 ይዣት ወረድኩ። የመኪናዬን በር ከፍቼ አበባዋን ወንበሩ ላይ ሳስቀምጥ ከላይ፣ ከደረጃው ጫፍ፣ ድምፃቸው መጣ።

«ደረጀ! ዛሬ ውሃ እንዳትሰጣት! አሁን ሳነሳት ከባድ ናት!»

«እሺ፣ እትዬ!»

«ነገም አትስጣት! ጣትህን አስገብተህ እይ!»

እሺ አልኩ። ብረቱን ተደግፈው ወደ ታች እያዩ ቆመው ነበር። መኪናዬን አስነስቼ ከመንገዱ እስክታጠፍ ድረስ አልገቡም።